ፎቶ እቤት ለማተም፦ ከማሽኑ በፊት ወረቀቱንና ቀለሙን ምረጡ

«የፎቶ ፕሪንተር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሌላ ሌላውን እጠይቃለሁ። በወር ስንት ፎቶ ታወጣለህ? ወረቀቱን ከየት ነው የምትገዛው? ቀለሙ ሲያልቅስ የት ታገኘዋለህ? ድሮ ስቱዲዮ ውስጥ ሪተች (ፎቶ የማስተካከል ሥራ) እሠራ ነበር፤ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እቤቴ ሆኜ ለጎረቤትና ለዘመድ ፎቶ አወጣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን የምትከፍሉት አንድ ጊዜ ነው፣ ወረቀቱንና ቀለሙን ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ትከፍላላችሁ። የፎቶውን መልክና ዕድሜ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት የቀለሙን ጠርሙስና የወረቀቱን እሽግ ይሁን።

ሌዘር ፕሪንተርን ከወዲሁ ከሐሳባችሁ አውጡት። ለፈተና ወረቀትና ለማመልከቻ ደብዳቤ እሱን የሚያህል የለም፤ ለፎቶ ግን አይሆንም። ሌዘር ዱቄቱን ቶነር በሙቀት አቅልጦ ነው ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው። ለኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም ለሚረጨው ፕሪንተር፣ የተሠራውን አንጸባራቂ ፎቶ ፔፐር ከከተታችሁበት የወረቀቱ ሽፋን ይቀልጥና ማሞቂያው ሮለር ላይ ይጣበቃል፤ ማሽኑም ሊበላሽ ይችላል።

የሚቀራችሁ ሁለት መንገድ ነው።

አልፎ አልፎ ብቻ፣ ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለጥምቀት የምታወጡ ከሆነ እንደ ካኖን ሴልፊ ሲፒ1500 ያለው ትንሽ ማሽን ይበቃችኋል። ይሄ ፈሳሽ ቀለም የለውም። ቀለሙ ሪቦን በሚባል ስስ የፕላስቲክ ጥቅል ላይ ነው ያለው፤ በሙቀት ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ይገባል ይወጣል፤ መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ማጀንታው (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ)፣ ከዚያ ሲያኑ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ)፣ በመጨረሻ ፎቶውን ከውኃና ከጣት አሻራ የሚጠብቀው ሽፋን። አንድ ፎቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ደርቆ ይወጣል። የሚደርቅ ቀለም ስለሌለው ወራት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ሲወጣ ይሠራል፤ ለብቻው የሚሸጥ ባትሪም ስላለው መብራት በሌለበት ቀን ያገለግላል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ከፖስታ ካርድ፣ ማለትም ከ100 በ148 ሚሊ ሜትር በላይ አያትምም። ወረቀቱና ሪቦኑ ደግሞ አንድ ላይ ተመጣጥነው ነው የሚሸጡት፤ ትልቁ እሽግ 108 ፎቶ ያወጣል። እሽጉ እዚህ አገር ዘወትር መገኘቱን ሳታጣሩ ማሽኑን አትግዙ። ከዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ያላችሁ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ያለቀው ሪቦን ላይ ያተማችሁት ፊት ሁሉ ተቀርጾ ይቀራል። የሰው ፎቶ የምታወጡ ከሆነ እንዲሁ ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ በመቀስ ቆራርጡት።

በየሳምንቱ የምታወጡ ከሆነ፣ ወይም ኤ4 የሚያህል ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዳችሁ ኢንክጄት ነው፤ እሱም ቀለሙ ከጠርሙስ የሚቀዳ ባለ ታንኩ። እዚህ ላይ የቀለሙ ብዛት ልዩነት ያመጣል። እንደ ኤፕሰን ኤል3250 ያሉት ባለ አራት ቀለም ናቸው፤ ስካነርና ኮፒ አላቸው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ሥራም ፎቶም አንድ ላይ ለሚፈልግ ቤት ደህና ናቸው። የቆየው ኤል805 እና እሱን የተካው ኤል8050 ግን ባለ ስድስት ቀለም ናቸው፤ ፈዘዝ ያለ ሲያንና ፈዘዝ ያለ ማጀንታ ተጨምሮላቸዋል። ጥቅሙን ለማየት የሰው ጉንጭ ላይ ተመልከቱ። በአራት ቀለም ማሽን፣ ብርሃን ካረፈበት ጉንጭ ወደ ጥላው በሚሸጋገርበት ቦታ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ይታያል፤ በስድስቱ ሽግግሩ ልስልስ ያለ ነው። እኔ የሰው ፊት ለሚያወጣ ሰው ሁሉ ስድስቱን ነው የምመክረው። ኤል8050 ስካነር እንደሌለው ግን እወቁ።

አንዳንድ ባለ አራት ቀለም ማሽኖች ጥቁራቸው ፒግመንት ነው፤ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ያለው ቀለም። ለጽሑፍ ግሩም ነው፤ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ግን ስለማይጠቀሙበት ጥቁሩን ከሦስቱ ቀለሞች ቀላቅለው ይፈጥሩታል፤ ፀጉርና ጥቁር ከረባት ወደ ቡናማ ያደላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቁሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ያለ ነጭ ጠርዝ እስከ ምን መጠን እንደሚያትምም ጠይቁ፤ አንዳንዱ በትንሹ መጠን ብቻ ነው የሚችለው።

ያገለገለ ፕሪንተር ስትገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ኩባያና ቲሸርት ላይ የሚያትመው ሰው ብዙ ነው፤ ያ ሥራ ሰብሊሜሽን የሚባል የተለየ ቀለም ይፈልጋል። ብዙ ያገለገሉ ባለ ስድስት ቀለም ማሽኖች ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ቀለም ነው። ሰብሊሜሽን ቀለም ሙቀት እስኪያገኘው ድረስ የደበዘዘ ነው፤ ፎቶ ፔፐር ላይ ሲታተም ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። ሻጩን «ምን ቀለም ነው የምትጠቀሙበት?» በሉት፤ እሱ ቢምል ቢገዘትም አንድ ፎቶ እዚያው አሳትማችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት። የደበዘዘ ከሆነ ተዉት፤ ከቱቦው እስከ ሄዱ (ቀለሙን እስከሚረጨው ክፍል) ያለውን ማጠብ ከዋጋው ቅናሽ የሚበልጥ ጣጣ ነው።

ኖዝል ቼክም፣ ማለትም ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች መከፈታቸውን የሚያሳየውን የመስመር ገጽ፣ አሳትሙ። መስመሮቹ ሁሉ ሳይቆራረጡ መውጣት አለባቸው። «ብዙ ስላልሠራ ነው፤ ሲሞቅ ይስተካከላል» ቢላችሁ አትመኑ፤ ኢንክጄት ስለሞቀ የሚከፍተው ቀዳዳ የለም።

ማሽኑን በባጃጅም በታክሲም ስትወስዱት አታጋድሙት። እንደ ኤል805 ያሉት ለጉዞ የሚዘጋ መቆለፊያ ከጎናቸው አላቸው፤ ስትጭኑ ዝጉት፣ እቤት ስትደርሱ ክፈቱት። ክዳኖቹን አጥብቃችሁ፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ውሰዱት፤ የኛ ኮብልስቶን ቀለም ያፈሳል። እንደ ደረሳችሁም ወዲያው አትጨቅጭቁት፤ ቱቦው ውስጥ የገባው አረፋ ወጥቶ ቀለሙ እስኪረጋ አሳድሩት።

ወረቀት

ወረቀት ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ሰው የሚቆጥበው እዚህ ስለሆነ የሚከስረውም እዚህ ነው።

ፎቶ ፔፐር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። እሽጉ ላይ ግራሙን (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት) አንብቡ። 115 እና 135 ግራም የሚሉት ስስ ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ይሆናሉ። አልበም ውስጥ ለሚገባ ፎቶ ከ200 እስከ 260 ግራም ያለውን ግዙ። ከግራሙ በላይ ግን ጀርባውን ዳስሱት። ጀርባው እንደ ተራ ወረቀት ሸካራ ከሆነ ቀለሙን የሚጠጣ ሽፋን የተቀባበት ተራ ወረቀት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይስባል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ቶሎ ይለቃል። ጀርባው ለስላሳና ፕላስቲክ ነገር ከሆነ ሬዚን ሽፋን ያለው ነው፤ ድሮ ስቱዲዮ የምናሳጥበው ፎቶ በእጅ ሲያዝ የነበረውን ስሜት ይሰጣል፤ አይጠቀለልም። ለጉርድ ፎቶ የመጀመሪያው ይበቃል። ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለሙት ዓመት ሁለተኛውን ካልሆነ አላትምም።

አንጸባራቂው ግሎሲ ቀለም ያደምቃል፤ ጥልፉና ጥበቡ ያምርበታል። ሳሎን ውስጥ ከመስኮት ትይዩ ለሚሰቀል ግን ሰሚ ግሎሲ ወይም ሳቲን ይሻላል፤ ብርሃኑ አይመልስባችሁም፤ እንግዳ ሁሉ በእጁ ሲቀባበለውም አሻራ አይታይበትም።

ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሁለት ሦስት ዓይነት ትንሽ ትንሽ እሽግ ገዝታችሁ ሞክሩ፤ አንዱን ምረጡ፤ ከዚያ የእሱን በርከት አድርጋችሁ ያዙ። በየጊዜው ወረቀት የሚቀያይር ሰው ቀለሙ ለምን እንደተለወጠበት ሲመራመር ይኖራል። ወረቀቱን በራሱ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አጋድማችሁ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተከፈተ እሽግ ማሽኑ ላይ አትተዉ።

ለማተም የቱ ፊት እንደሆነ ካጠራጠራችሁ ጣታችሁን በትንሹ አርጥባችሁ ማዕዘኑን ንኩት፤ ያዝ የሚያደርጋችሁ ጎን የሚታተምበት ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለፎቶ የራሱን የማሽኑን ጠርሙስ ግዙ። በሊትር የሚሸጠው ርካሽ ቀለም ለጽሑፍ ያስኬድ ይሆናል፤ የሰው ፊት ላይ ግን አረንጓዴ ወይም ቀይ ያመጣል። ሁለት ዓይነት ቀለም አንድ ታንክ ውስጥ አትቀላቅሉ። ቀለሙ ታንኩ ላይ ካለው የታችኛው ምልክት በታች ሳይወርድ ሙሉት፤ አየር ቱቦው ውስጥ ከገባ መመለሻው ከባድ ነው። ዋጋችሁን ለማወቅም ስንት ጠርሙስ ቀለም ስንት ፎቶ እንዳወጣላችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ የቀለሙን ወጪ ለፎቶው ቁጥር አካፍሉና የአንድ ወረቀት ዋጋ ጨምሩበት። የተበላሹትን ወረቀቶችም ቁጠሩ።

ፎቶውን ማዘጋጀት

ሰው በቴሌግራም ሲልክልኝ የማስቸግረው በአንድ ነገር ነው፤ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» እላለሁ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ፎቶ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ገደማ ሆኖ ይደርሳል። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር እንደ ምንም ያልፋል፤ ኤ4 ላይ ግን ይደበዝዛል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብለን ስናሰላ 10 በ15 የሚፈልገው 1180 በ1770 ፒክስል ገደማ፣ ኤ4 ደግሞ 2480 በ3508 ነው።

የስልክ ፎቶ ቅርጹ 4 ለ3 ነው፤ የ10 በ15 ወረቀት ግን 3 ለ2። ፎቶው ወረቀቱን እስኪሞላ ሲለጠጥ ቁመቱ 11.25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያቺ 1.25 ከላይና ከታች ትቆረጣለች። ማሽኑ እንዲቆርጥ ከተዋችሁት የአባወራው ጭንቅላት ወይም ፊት ለፊት የተቀመጡት ሕፃናት እግር ይሄዳል። ራሳችሁ በ3 ለ2 ቁረጡት። ያለ ጠርዝ ስታትሙ ማሽኑ ፎቶውን ትንሽ ስለሚያሰፋው ከዳር ያለ ሰው ዳር ላይ እንዳይጣበቅ ቦታ ተዉለት።

ጉርድ ፎቶ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ10 በ15 ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት ደርድራችሁ ዘጠኝ ታወጣላችሁ፤ ለመቁረጫ የሚሆን ክፍተትም ይተርፋችኋል።

አሁን ወደ ፊትና ነጠላ ልምጣ፤ የኛ ፎቶ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባሉ። ስክሪን ከኋላው ስለሚበራ ሁሉም የፈካ ይመስላል፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ፊቱ ይጠቁራል። ብዙ ሰው ያኔ ጠቅላላ ብርሃኑን ይጨምራል። ፊቱ ይፈካል፤ ነጠላው ግን ሽመናው ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የሚሻለው ስናፕሲድ በመሰለ መተግበሪያ ጥላውን ብቻ ማንሳት ነው፤ ‹ሻዶውስ› የሚለውን ጨምሩ፣ ‹ሃይላይትስ› የሚለውን በጥቂቱ ቀንሱ። ከዚያ የነጠላውን ጥበብ አቅርባችሁ እዩ፤ ክሩ አንድ ባንድ የሚለይ ከሆነ ልኩ ላይ ናችሁ። የስልካችሁን ወይም የኮምፒውተራችሁን ስክሪን ብርሃንም ከግማሽ በታች አድርጋችሁ ነው መሥራት ያለባችሁ።

እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን የባለቤታቸውን ፎቶ ለሙት ዓመት ትልቅ አድርጌ እንዳወጣላቸው ይዘው መጡ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ተሰብሯል፤ ሰውየው ጋቢ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ አደራሽን፣ ፊቱን እንዳታነጪው። ጠይም ነበር» አሉኝ። ይህን አደራ ለሁሉም ሰው ባሰማ ደስ ይለኛል። ፊት ማንጣት ማሳመር እየመሰለው የሰውን መልክ የሚለውጥ ባለሙያ ብዙ አለ፤ ለሟች ቤተሰብ ደግሞ መልኩ የቀረላቸው ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን አሮጌ ፎቶ ስካነር ካላችሁ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ አንሱት። ከሌላችሁ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፤ ፍላሽ አጥፉ፤ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ትንሽ ራቅ በሉና በዙም አቅርቡ። ጭረቱን ካጠፋችሁ በኋላ ሙሉውን አታትሙ። እኔ ፊቱን ብቻ ቆርጬ በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ አራት ቦታ፣ ከፈካው እስከ ጠቆረው አወጣሁትና ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ለእማማ አሳየኋቸው። ሦስተኛውን፣ እኔ ይጠቁራል ያልኩትን፣ በጣታቸው ነክተው «ይሄ ነው» አሉ። ወረቀትና ቀለም የሚያድነው ይህ ናሙና ነው፤ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ይልቅ አንድ ትንሽ ቁራጭ ይበላሽ።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ በባለ ቀለም ማሽን ሲታተም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል፤ በአምፖል ስታዩትና በቀን ብርሃን ስታዩትም ይለያያል። ከማተማችሁ በፊት በመተግበሪያው ትንሽ የሻይ መልክ ብትጨምሩበት ያ ዝንባሌ አይታይም፤ አሮጌ ፎቶም ይስማማዋል።

ማተም

በፕሪንተሩ ቅንብር ላይ የወረቀቱን ዓይነት በትክክል መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። ማሽኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚያውቀው ከዚህ ነው። ፎቶ ፔፐር አስገብታችሁ ‹ፕሌን ፔፐር› (ተራ ወረቀት) ከተባለ ፎቶው የደበዘዘና የተዘበራረቀ ይወጣል፤ ሰው ግን ማሽኑን ያማርራል። ጥራቱን ‹ሃይ› አድርጉ፤ ለትልቅ ፎቶ ፈጣን የሚለውን ምርጫ አጥፉ። ከኋላ በሚመገቡት ማሽኖች ላይ አንጸባራቂው ፊት ወደ እናንተ ይዙር። ወፍራም ወረቀት ብዙ አትደርድሩ።

የወጣውን ፎቶ ወዲያው አትደራርቡ። ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አየር ላይ ይዋል፤ አለበለዚያ መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ይይዛል። ፎቶውና መስታወቱ እንዳይነካኩም ከዳር ካርቶን አድርጉበት፤ አንጸባራቂ ወረቀት መስታወት ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉ።

መብራት፣ አቧራ፣ የደረቀ ሄድ

ኢንክጄት ሥራውን ሲጨርስ ሄዱን ወደ ጥግ ወስዶ ይከድነዋል፤ ቀለሙ እንዳይደርቅ። መብራት በሥራ መሃል ሲሄድ ግን ሄዱ ሳይከደን መንገድ ላይ ይቀራል። በኛ ሰፈር የሄድ መድረቅ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። መብራት እንደመጣ ፕሪንተሩን አብሩትና ራሱ ቦታው ላይ እስኪገባ ጠብቁ፤ ከዚያ በራሱ ቁልፍ አጥፉት። ዲቫይደሩን በማጥፋት ወይም ሶኬቱን በመንቀል በፍጹም አታጥፉ። ኢንክጄት ብዙ ኃይል ስለማይበላ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ይበቃዋል፤ የጀመራችሁትን ጨርሳችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣችኋል።

በበጋ የግንባታውና የመንገዱ አቧራ መስኮት ዘግታችሁም ይገባል። ስትጨርሱ የወረቀት መመገቢያውን እጠፉና ከላይ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጣሉበት።

ሥራ ባይኖራችሁም በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ፎቶ አትሙ። መስመር ከታየባችሁ መጀመሪያ ኖዝል ቼክ፣ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ክሊኒንግ (ማሽኑ ራሱ ሄዱን የሚያጸዳበት ትእዛዝ)፣ እንደገና ኖዝል ቼክ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ካልተስተካከለ አጥፍታችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ሞክሩ። ፓወር ክሊኒንግ የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ቀለም ይበላል፤ ታንኮቹ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ሳይኖራቸው አትንኩት።

በክሊኒንግ የሚወጣው ቀለም፣ ያለ ጠርዝ ስታትሙ ከወረቀቱ ውጭ የሚረጨውም ጭምር፣ ማሽኑ ሥር ባለ ስፖንጅ ላይ ይጠራቀማል። ማሽኑ መጠኑን ይቆጥራል፤ ሲሞላ አላትምም ብሎ ይቆማል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች የስፖንጁን ሣጥን ራሳችሁ ትቀይራላችሁ። በቆዩት ላይ ግን ባለሙያ ጋ ትወስዱታላችሁ፤ እዚያ ቆጣሪውን በሶፍትዌር ዜሮ አድርጎ «አለቀ» የሚላችሁ አለ። ስፖንጁ ካልተቀየረ ወይም ታጥቦ ካልደረቀ ቀለሙ ሞልቶ ከሥር ይፈሳል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ስፖንጁን አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።